የዘገየው ኢንተርኔትና የተቀረጸው ስክሪን፦ ከኮምቦልቻ አንድ የጉዳይ ጥናት

ስለ ጉዳዩ

ይህ ጽሑፍ ኮምቦልቻ ውስጥ በሚሠራ አንድ የትራንዚትና የጭነት አገልግሎት ድርጅት የተፈጠረን ጉዳይ ይመዘግባል። ድርጅቱም ሆነ ባለጉዳዮቹ በስም አልተጠቀሱም፤ ማንነታቸውን ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮችም ተትተዋል። አሠሪ የሠራተኛውን የኢንተርኔት አጠቃቀም መከታተል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በጥቅሉ ሲነሳና በጥቅሉ ሲዘጋ ይታያል። እዚህ ግን ክትትሉ የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ እንደተጀመረ፣ በምን መሣሪያ እንደተካሄደና የተሰበሰበው መረጃ በማን እጅ እንደገባ ከሥሩ ለማየት ተችሏል። እኔ የተጠራሁት የኔትወርክ ችግር እንድመረምር ነበር፤ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የገባሁት ችግሩ ራሱ ስለወሰደኝ ነው።

ዳራ

ኮምቦልቻ የደረቅ ወደብ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊ የሚገባው ጭነት ሚሌን አልፎ በባቲ በኩል ወደ ከተማዋ ይወጣል። ድርጅቱ የአስመጪዎችን ሰነድ አዘጋጅቶ የጉምሩክ ሥርዓቱን ያስፈጽማል፣ መኪና ያገናኛል፣ ጭነቱም ባለቤቱ መጋዘን እስኪደርስ ይከታተላል። ዋናው ቢሮ ኮምቦልቻ ሲሆን፣ ዳገቱን ወጥቶ ደሴ ከተማ ውስጥ የነጋዴ ደንበኞችን የሚያስተናግድ አነስተኛ ቅርንጫፍ አለው።

የዚህ ሥራ ጉልበት ያለው በመረጃ ፍጥነት ላይ ነው። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሆኖ የማኅተም ቁጥሩን፣ የጭነት ሰነዱንና የኮንቴይነሩን በር በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልካል፤ የቢሮው ሠራተኛ ተቀብሎ ከዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ ከሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ጋር ያመሳክራል፤ ልዩነት ካለ መኪናው ሳይደርስ ማስተካከያ ይጀመራል። ይህ ሁሉ የሚካሄደው በቴሌግራም ነው። ማንም ተሰብስቦ በቴሌግራም እንሥራ ብሎ አልወሰነም፤ ሾፌሩም ደንበኛውም እዚያው ስለሚገኙ ሥራው ተከትሏቸው ሄደ።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር የባለቤቱ ሥጋት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰበት ወቅት ድርጅቱ ኮምፒውተሮቹንና የዓመታት ሰነዶቹን አጥቷል። ሥራው እንደገና ሲጀመር ባለቤቱ በሁለቱም ቢሮዎች ካሜራ አስተክለው ከየትኛውም ቦታ ሆነው በስልካቸው ማየት ጀመሩ። ከዚህ በኋላ የመጣውን ነገር ክፋት ብቻ አድርጎ ማንበብ ትክክል አይሆንም። አንድ ጊዜ ሁሉን ያጣ ሰው ሁሉን ማየት ቢፈልግ አይደንቅም።

ችግሩ እንዴት ተፈጠረ

ኢንተርኔቱ በተለይ ጠዋት ጠዋት ክፉኛ ይዘገይ ጀመር። በጉምሩክ የኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት (ሰነዶች በኢንተርኔት በሚቀርቡበት ሥርዓት) ላይ ሰነድ ለመጫን የሚሞክር ሠራተኛ ገጹ መሐል ላይ ቆሞበት እንደገና ይጀምራል፤ ደንበኛ ስልክ ላይ ሆኖ ይቆጣል። ባለቤቱ ሠራተኛው በሥራ ሰዓት ዩቲዩብና ፌስቡክ ላይ ተጥዷል ከሚል ድምዳሜ ደረሱ። ይህንን ግምት የፈተነው ሰው አልነበረም። የኮምፒውተር ጥገና የሚሠራላቸው ባለሙያ መፍትሔ አለኝ ብሎ በሁሉም የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ የክትትል ሶፍትዌር ጫነ። ሶፍትዌሩ በየጥቂት ደቂቃው ስክሪኑን ፎቶ ያነሣል፣ የተከፈተውን ፕሮግራም ስምና ሰዓት ይመዘግባል፣ በኪቦርድ የተጻፈውንም ሁሉ ይይዛል። ለሠራተኛው የተነገረ ነገር አልነበረም። በየወሩ መጨረሻ የእያንዳንዱን ሰው አጠቃቀም የሚያሳይ ሠንጠረዥ ለባለቤቱና ለሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊው ይደርስ ነበር።

ከሠንጠረዡ ሁለት ነገሮች ወጡ። የመጀመሪያው ሾፌሮችን የምትከታተል አንዲት ሠራተኛ የደረሳት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ደብዳቤው የሥራ ሰዓቷን አብዛኛውን ክፍል በቴሌግራም ላይ እንዳሳለፈች ይገልጻል። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ሥራዋ እሱ ነው። በዚያው ሠንጠረዥ ዓርብ ቀትር ላይ በርካታ ሠራተኞች «ከሥራ ውጭ» ተብለው ተመዝግበዋል። የጁምዓ ሰላት ሰዓት በድርጅቱ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የታወቀና በመግቢያ ሰዓት የሚካካስ ቢሆንም፣ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የተነካ ኪቦርድና ያልተነካ ኪቦርድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉዳዩን ያፈነዳው ነው። አንዲት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ የባለቤቷን የላቦራቶሪ ውጤት ከቴሌግራም አውርዳ በቢሮው ፕሪንተር አትማ ነበር። ከቀናት በኋላ የሰው ኃይል ኃላፊው በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «እህቴ፣ ባለቤትሽ እንዴት ሆነልሽ? አብሽሪ፣ አላህ ያሽረዋል» አሏት። ሠራተኛዋ ለማንም አልተናገረችም። «ማን ነገረዎት?» ስትላቸው መልስ አጡ። ኃላፊው የጠየቋት ከልብ አዝነው ነው፤ በዚህ የሚጠራጠር ሰው በቢሮው ውስጥ አላገኘሁም። ነገር ግን ድርጅቱ ከስድብና ከቅጣት ይልቅ በአንድ የማጽናኛ ቃል ተጋለጠ። በማግስቱ ቢሮው በሙሉ ስክሪኑ እንደሚቀረጽ አወቀ፤ ሁለት ሠራተኞች የቢሮውን ኮምፒውተር አንነካም አሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ የሥራ ሰነድ ሳይቀር በግል ስልካቸው በሞባይል ዳታ መሥራት ጀመሩ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጻፉ።

ኢንተርኔቱ ግን እንደዘገየ ነበር።

ሕጉ የሚለው

ሊቀ መንበሩ በደብዳቤያቸው ያነሡት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 ነው። አንቀጹ የግል ሕይወት መከበርንና መጠበቅን የሚደነግግ ሲሆን፣ በፖስታ፣ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶች እንዳይደፈሩ ይጠብቃል። አሠሪው ሠራተኛውን በሰብአዊ ክብሩ የመያዝ ግዴታ እንዳለበት ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይደነግጋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መረጃን መጥለፍን ወንጀል ያደርጋል። ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ይህ አዋጅ የግል መረጃ ለተወሰነና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ፣ ከሚያስፈልገው ባልበለጠ መጠን እንዲሰበሰብ ያዛል፤ የጤናንና የሃይማኖትን መረጃ የመሰለውን ከሌላው በጠነከረ ጥበቃ ሥር ያስቀምጣል፤ አፈጻጸሙን እንዲቆጣጠርም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ኃላፊነት ሰጥቷል። የድርጅቱ ሶፍትዌር በአንዱ ቀን የሰው የላቦራቶሪ ውጤት፣ በሌላው ቀን የሰላት ሰዓት መዝግቧል። ኢንተርኔት ለምን ዘገየ ለሚለው ጥያቄ ሁለቱም መልስ አይሰጡም።

ባለቤቱ በበኩላቸው «ኮምፒውተሩ የእኔ፣ መስመሩ የእኔ» የሚል መከራከሪያ ነበራቸው። ክርክሩ ለእሳቸው ብቻ የተለየ አይደለም። ሩማኒያ ውስጥ ባርቡሌስኩ የተባለ ሠራተኛ፣ ለደንበኞች መልስ እንዲሰጥበት በአሠሪው ትእዛዝ በከፈተው የያሁ ሜሴንጀር አካውንት ከወንድሙና ከእጮኛው ጋር ስለተጻጻፈ በ2007 እ.ኤ.አ. ከሥራ ተሰናብቷል። ድርጅቱ የግል አጠቃቀምን በግልጽ ከልክሎ ነበር። ሆኖም የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. በ11 ለ6 ድምፅ መብቱ አልተጠበቀም ሲል ወሰነ። ውሳኔው እኛን አያስገድድም፤ ችሎቱ ያነሣቸው ጥያቄዎች ግን ለማንኛውም ቢሮ ይጠቅማሉ፦ ሠራተኛው አስቀድሞ ተነግሮታል ወይ፣ ክትትሉ ምን ያህል ጥልቅ ነው፣ በቂ ምክንያት አለው ወይ፣ የጽሑፉን ይዘት ሳያነቡ ዓላማውን ማሳካት አይቻልም ነበር ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ የእኛን ጉዳይ ይዞ የሄደው ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ የስክሪን ቀረጻው ወዲያውኑ እንዲቆም ነበር። ባለቤቱን ያሳመናቸው ሕጉ አልነበረም። ሶፍትዌሩ በኪቦርድ የተጻፈውን ሁሉ ያስቀምጥ የነበረው በማንኛውም የቢሮ ኮምፒውተር በሚከፈት የጋራ ፎልደር ውስጥ ነው። ፋይሉን ከፍተን ስናይ ገንዘብ ያዡ የድርጅቱን የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የሚጠቀምበት የይለፍ ቃል እንደተጻፈ ተቀምጧል። ባለቤቱ መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «ዛሬውኑ ይነቀል» አሉ። ከኮምፒውተሮቹ ላይ በዚያው ቀን ተነቀለ።

ቀጥሎ ጥያቄው ወደ ቦታው ተመለሰ፦ መስመሩን የሚሞላው ምንድን ነው? ይህንን ለማወቅ ማን ምን እንደጻፈ ማየት አያስፈልግም። አሁን አብዛኛው ድረ ገጽና መተግበሪያ የተመሰጠረ ስለሆነ፣ ራውተሩ (ኢንተርኔቱን ለቢሮው የሚያከፋፍለው መሣሪያ) የሚያየው የትኛው መሣሪያ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው አድራሻ ጋር፣ ምን ያህል መረጃ እንደተለዋወጠ እንጂ የመልእክቱን ቃል አይደለም። በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚጫን ሶፍትዌር ግን ምስጠራው ከተፈታ በኋላ ሰው የሚያየውን ስለሚያይ አንዳች የሚደበቀው የለም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለባለቤቱም ለማኅበሩም በግልጽ መነገር ነበረበት፤ ብዙ ሰው «ክትትል» ሲባል አንድ ነገር ብቻ ይመስለዋል። መኪናው ለምን እንደዘገየ ለማወቅ የተሳፋሪውን ኪስ መፈተሽ አያስፈልግም፤ ሞተሩ ይታያል።

ራውተሩ ለሁለት ሳምንት የመሣሪያዎችን የመረጃ መጠን ብቻ እንዲመዘግብ ተደረገ፤ ለሠራተኛውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ተነገረ። የመጣው መልስ ማንም ያልጠበቀው ነበር። የቢሮውን የመላኪያ መስመር ቀኑን ሙሉ ይዘው የሚውሉት የጥበቃ ካሜራዎቹ ናቸው። ምስሉን በሙሉ ጥራት ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ያለማቋረጥ ይልኩ ነበር፤ ባለቤቱ በስልካቸው የሚያዩት ከዚያ ነው። የመላኪያው መስመር ሲሞላ ገጽ መክፈትም ይዘገያል፤ ምክንያቱም ለሚወርደው መረጃ ሁሉ «ደርሶኛል» የሚል አጭር ምላሽ በዚያው መስመር መሄድ አለበት። በዚህ ላይ ጠዋት 2፡30 ላይ ሁሉም ኮምፒውተር አንድ ላይ ሲበራ እያንዳንዱ ለየብቻው የዊንዶውስ ማሻሻያ ማውረድ ይጀምራል። የጠዋቱ መጨናነቅ ከዚህ የመጣ ነው። ዩቲዩብ በመዝገቡ ላይ አልጠፋም፤ መጠኑ ግን ከካሜራዎቹ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ማስተካከያው ቀላል ነበር። ካሜራዎቹ በቢሮው ውስጥ ባለው መቅረጫ ሃርድ ዲስክ ላይ እንዲቀዱ፣ ባለቤቱ ከውጭ ማየት ሲፈልጉ ብቻ በዝቅተኛ ጥራት እንዲልኩ ሆነ። ማሻሻያው ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲወርድ ተደረገ። ለጉምሩክ አገልግሎቱ በራውተሩ ላይ ቅድሚያ ተሰጠ፤ ለግል ስልኮች ደግሞ ፍጥነቱ የተገደበ ሌላ ዋይፋይ ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ ደንብ ማውጣት መጣ። ድርጅቱ፣ ማኅበሩና የሕግ አማካሪያቸው ተቀምጠው የተስማሙበት ጽሑፍ አጭር ነው። የቢሮ ኮምፒውተር ስክሪንና ኪቦርድ አይቀረጽም። ራውተሩ አድራሻና መጠን ይመዘግባል፣ መዝገቡም ከ30 ቀን በኋላ ይጠፋል። መዝገቡን በአንድ ሰው ስም ለይቶ ማየት የሚቻለው በጽሑፍ የተገለጸ ምክንያት ሲኖርና የአስተዳደሩና የማኅበሩ ተወካይ አብረው ሲገኙ ብቻ ነው። በዕረፍት ሰዓት መጠነኛ የግል አጠቃቀም ይፈቀዳል። ለሾፌር ተከታታይዋ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ በደብዳቤ ተነሥቶ፣ የማንሻው ደብዳቤ ከግል ማኅደሯ ጋር ተያያዘ።

ያልሠራው

እኔ ከመጠራቴ በፊት አስተዳደሩ ቴሌግራምን በራውተሩ ላይ ዘግቶ ነበር። እገዳው ግማሽ ቀን እንኳ አልቆየም። ሚሌ የደረሰ ሾፌር የማኅተሙን ፎቶ ልኮ መልስ አጥቶ ሲደውል፣ ተቀባዩ ሠራተኛ በግል ስልኩ ካልሆነ ማየት እንደማይችል ነገረው። ፌስቡክና ዩቲዩብ ግን ተዘግተው ቆዩ፤ ውጤቱም የከፋ ሆነ። ወጣት ሠራተኞች ነጻ ቪፒኤን (የተዘጋን ገጽ በሌላ ሰርቨር በኩል አዙሮ የሚከፍት ፕሮግራም) በቢሮው ኮምፒውተሮች ላይ ጫኑ፤ የደንበኛ ፋክቱርና የባንክ ሰነድ ባለቤቱ በማይታወቅ ሰርቨር በኩል ያልፍ ጀመር። እገዳው ሲነሣ ቪፒኤኑን ማስወገድ ያለ ጭቅጭቅ ተቻለ።

ከደንቡ በፊት የተሞከረው፣ ሠራተኛው ለክትትሉ ፈቃዱን የሚሰጥበት የስምምነት ፎርምም የከሸፈ ነው። ሁሉም ሠራተኛ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲፈርም ተደረገ፣ ሁሉም ፈረመ። ፎርሙ ከውጭ ድርጅት ተገልብጦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። ለነገሩ በአማርኛ ቢሆንም ደመወዝ የሚከፍለው ሰው ፊት የሚፈረም ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው? ይህ ጥያቄ በየትኛውም ቢሮ መነሣት ያለበት ይመስለኛል፤ ፊርማ የክትትሉን ልክ አያስተካክልም።

የተቀረጹት ምስሎች በሁለት የሠራተኛ ተወካዮች ፊት ከሰርቨሩ ተሰረዙ፣ ቃለ ጉባኤም ተያዘ። ከሁለት ወር በኋላ ግን የጥገና ባለሙያው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ቅጂ እንደነበረው ታወቀ። ክፉ አስቦ ሳይሆን ከልማድ ነው፤ የሚያገለግላቸውን ቢሮዎች ሁሉ ሰርቨር ቅጂ ይይዛል። ሥራው እንደገና ተደገመ፤ ለመተማመን የተሠራው ነገር ግን በዚህ ተናጋ። የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛም ብዙ ሳትቆይ ሥራ ለቀቀች። ምክንያቷን በመልቀቂያ ደብዳቤዋ አልጻፈችም።

አንድ እውነተኛ ጥፋት

ክትትል ሁሉ ከንቱ ነው የሚል መደምደሚያ እንዳይወሰድ ይህም መነገር አለበት። አዲሱ ደንብ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የደሴው ቅርንጫፍ አንድ ኮምፒውተር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ መረጃ ሲስብ ታየ። ቅዳሜ ከሰዓት ቅርንጫፉ ክፍት ነው፤ ከገጠር የሚመጡ ነጋዴዎች ገበያ ውለው የሚገቡበት ሰዓት ነው። ተወካዮቹ በደንቡ መሠረት ተገኝተው መዝገቡ ሲታይ የስፖርት ውርርድና የእግር ኳስ ማሠራጫ አድራሻዎች ወጡ። ምስል አልተፈለገም፣ መልእክት አልተነበበም። የቅርንጫፉ ኃላፊ ሠራተኛውን ለብቻ ጠርቶ ሲጠይቀው አልካደም። የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ነገሩም በዚያው አበቃ።

ባለቤቱ ቀደም ሲል በስክሪን ፎቶዎቹ መነሻ ሁለት ሠራተኞችን ለማሰናበት አስበው ነበር። ፎቶዎቹ ወራት ያለፋቸው ሲሆኑ በየወሩ ይደርሳቸው በነበረው ሠንጠረዥ ውስጥም ነበሩ። አዋጅ 1156/2011 አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት የሚሆነውን ነገር ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ቀሪ እንደሚሆን ይደነግጋል። የተከማቸው የማስረጃ ክምር ለተሰበሰበለት ዓላማ እንኳ አይውልም ነበር።

ለሌሎች ቢሮዎች የሚተርፈው

የዚህ ጉዳይ ዋና ትምህርት መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ጥያቄው መጻፍ አለበት የሚል ነው። ድርጅቱ «መስመሩን የሚሞላው ምንድን ነው» ብሎ በአንድ አረፍተ ነገር ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ የስክሪን ፎቶ ይህንን እንደማይመልስ ከወረቀቱ ላይ ይታይ ነበር። «ሠራተኛው ሥራውን ሠርቷል ወይ» የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱ የሚገኘው ከተጠናቀቁ ዲክላራሲዮኖችና ከደንበኛ ቅሬታዎች እንጂ ቴሌግራም ከተከፈተበት ሰዓት አይደለም። ሠንጠረዡን የሚያነበው ሰው ሥራውን የማያውቅ ከሆነ ትጉሁ ሠራተኛ ቀድሞ ይቀጣል።

የተሰበሰበ መረጃ ራሱ ንብረት ብቻ ሳይሆን ዕዳም ነው። መጠበቅ አለበት፣ መጥፊያ ቀን ሊኖረው ይገባል፣ ቅጂዎቹ የት የት እንዳሉ ከመጀመሪያው መታወቅ አለባቸው፤ የውጭ ጥገና ባለሙያ ካለም በውሉ ውስጥ መግባት አለበት። አነስተኛ ቢሮዎች ይህንን የሚዘሉት ወጪ መስሏቸው ነው፤ ሆኖም አንድ አንቀጽ በውል ላይ መጨመር ምንም አያስወጣም። የደንቡ ጽሑፍ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋና ርዝመት መሆኑም እንዲሁ።

ገና ያልተቋጨው

ቴሌግራሙ አሁንም በሠራተኞቹ የግል ስልክ ቁጥር የተከፈተ ነው። የሾፌሮቹ ፎቶና የደንበኞቹ ውል ከሠራተኛዋ የቤተሰብ ቡድን ጋር በአንድ አካውንት ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሠራተኛ ሲለቅ የድርጅቱ ታሪክ አብሮ ይሄዳል፤ ድርጅቱ ልረከብ ቢል ደግሞ የሰውን የግል ስልክ ሊጠይቅ ነው። ማኅበሩ በድርጅቱ ስም የወጣ ሲም ካርድ ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ እንዲሰጥ ሐሳብ አቅርቧል። ባለቤቱ ሐሳቡን ተቀብለዋል፤ ለስልኮቹ ግዢ የሚሆነው ገንዘብ ግን እስካሁን አልተመደበም።